ገንቦ ያዝልኝ

የኮምፒውተር ጨዋታው በፍላሽ ነው የመጣልኝ። ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረ ልጅ ለሥራ ጉዳይ ንፋስ መውጫ ብቅ ብሎ ነበርና ቢሮዬ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ «እንካ፣ ሥራ ስትፈታ ይጠቅምሃል» ብሎ ገልብጦልኝ ሄደ። ሚሌኒየሙ ካለፈ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያን ጊዜ የወረዳ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ሥራ ፈት አልነበርኩም፤ ሥራ ለመፍታት የሚያመች ወንበርና ኮምፒውተር ግን ነበረኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰው ረግጦት በማያውቅ፣ በረዶ በሸፈነው አገር ጥቂት ሰዎች ይሰጡሃል። ቤት ታሠራቸዋለህ፣ ታሳርሳቸዋለህ፣ እንጨት ታስፈልጣቸዋለህ። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ በላይ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ የሥራውን መጠን ያሳያል፣ አንዱ ደስታውን። ደስታው ሲሞላ መስመሩ አረንጓዴ ነው፣ ሲጎድል ቢጫ፣ ሲያልቅ ቀይ። ቀይ የሆነ ሰው መጥረቢያውን ይጥልና ወይ ከባልንጀራው ይደባደባል፣ ወይ በረዶው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። መስመሩን ነካ ብታደርገው ምክንያቱን አንድ በአንድ ይነግርሃል። መኝታው ጎርብጦታል። ብቻውን በልቷል። ማንም አላመሰገነውም።

ይህችን የመጨረሻዋን ወደድኳት። ለሰውየው አዲስ ቤት ልሥራልህ ብትል ድንጋይና እንጨት ይፈጃል። ድግስ ልደግስልህ ብትል ጎተራው ይራቆታል። ምስጋና ግን ምንም አያስወጣም፤ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሰውየው አረንጓዴ ይሆናል፣ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያ በረዶ ውስጥ አንድም ሰው ሳይጠፋብኝ ሠላሳ አባወራ የሚኖርበት መንደር አቆምኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እውነቱን ልናገርና፣ ጨዋታውን እንዲያ የወደድኩት ገበሬ ያናድደኝ ስለነበረ ነው። የገበሬ ልጅ ሆኜ ሳለሁ ማለቴ ነው። ቢሮ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ቤተሰብህን አንድ በአንድ ይጠይቅሃል፣ ስለ አንዲት ላም አንድ ሰዓት ያጫውትሃል። የመጣበትን ጉዳይ የሚናገረው ሊወጣ ተነሥቶ አንድ እግሩ ደጅ ከሆነ በኋላ ነው። እሱንም እንደ ዋዛ አድርጎ ነው የሚናገረው። ካልገባህ አይደግምልህም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይሄዳል። የእኔ የበረዶ አገር ሰዎች ግን ምንም አይደብቁኝም ነበር።

ያን ዓመት እንደየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የተፋሰስ ዘመቻ ነበር። ሕዝቡ በነፍስ ወከፍ ዶማና አካፋ ይዞ ወጥቶ በየተራራው ላይ እርከን ይሠራል። ባለሙያ ሁሉ አንድ አንድ ቀበሌ ተከፋፈለና ለእኔ ያደግኩበት ደረሰኝ፤ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ቁልቁል የሚያስወርድ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ አገር። አጎቴ እዚያ ነበሩ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸውና ሚስታቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ወደ እስቴ ተድረው ስለሄዱ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሚስታቸውን እትዬ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው አልሄድ አለኝ። ሰው ይመጣል፣ ስሙን ያስጠራል፣ ዶማውን ተደግፎ ያወጋል። ስንት ሜትር ተሠራ እያለ ኃላፊዬ በየቀኑ ይደውላል። እኔም ከኮምፒውተሩ የተማርኩትን ሜዳ ላይ አወጣሁት። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ጧት በማለዳ ተጀምሮ ቀትር ላይ እንዲያበቃ አደረግሁ። የማይስማሙ ጎረቤቶችን በተለያየ ቡድን መደብኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድምፅ ማጉያ ተዋስኩ። ጧት ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ትናንት ከሁሉ የበለጠ የቆፈረውን ሰው ስም ጉብታ ላይ ቆሜ እጠራለሁ። «የትናንቱ ጀግና» እላለሁ፣ ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

የመጀመሪያው ቀን የጠራሁት ስም የአጎቴ ነው። አድልቼ አይደለም። እሳቸው ድንጋይ ሲክቡ የቆመ ካብ ጎርፍ ገፍቶት አያውቅም፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ስማቸው ሲጠራ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ዶማቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ወጡ። በማግስቱም እሳቸው ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው በለጣቸው፣ በአራተኛው መልሰው እሳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሜትሩ እጥፍ ሆነ። ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፣ ሌሎቹ ባለሙያዎች ምን አድርገህ ነው ብለው ጠየቁኝ። ገበሬውን ማበረታታት ነው አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት ሳላውቅ አይደለም፤ የከፋው እሱ ነው። ያደግኩበት ቤት የደቦ ቤት ነበር።

ደቦ ሲወጣ አጎቴ ራሳቸው አይቆፍሩም ነበር። ባለቤት ናቸውና ከሰልፈኛው ኋላ ኋላ ይሄዳሉ፤ ጀርባ ጀርባውን ነው የሚያዩት። ፊት ይዋሻል ጀርባ አይዋሽም ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከወባ የተነሣ ጎረቤታችን ወንፈሉን ሊመልስ መጥቶ ከሰው እኩል ልቆፍር ብሎ ይታገላል። ዶማው በወረደ ቁጥር ጀርባው ይጎብጣል፣ ቶሎም አይቀናም። አጎቴ ሄደው ትከሻውን ነካ አደረጉትና «አንተ፣ ና እስቲ ገንቦ ያዝልኝ፤ ሴቶቹ አልደረሱልኝም» አሉት። ሰውየው ዶማውን አስቀምጦ የጠላውን ገንቦ ያዘ፣ ለሰዉ ሲቀዳ ዋለ፣ ክብሩም አልተነካ። ሴቶቹ እኮ ሦስት ነበሩ፣ ምንም አላነሳቸውም። ማታ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው።

«ሰውን ደከመህ ወይ አይሉትም» አሉኝ። «ደከመህ ካልኸው አልደከመኝም ይልሃል። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ሲጠብቅ ይሞታል። ገንቦ ያዝልኝ ነው እሚባል። ያየህ እንደሁ ቀድመህ ነው፤ ሰውየው ራሱ ገንቦ ልያዝ ብሎ እስኪጠይቅህ ከጠበቅህ አንተ ባለቤት አይደለህም።»

የዘመቻው ሥራ ደቦ አልነበረም። ጠላ የለውም፣ ባለቤትም የለውም። ባለቤት ነኝ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ቆሜ የማየው ሜትሩን ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ጨዋታዬን ከፍቼ ሳለሁ አጎቴ ገቡ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ነጠላ ጫማቸውን አራገፉ። ተነሥቼ ትከሻቸውን ሳምኩ፣ ወንበር ሰጠኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። ጾሙ ነው አልኩ በልቤ፤ ሳምንቱን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳይቀምሱ ነው የከረሙት። አቀበቱን የወጡት በዚያ አቅማቸው ነው። እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ብዙ ቆዩና ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ።

«ምንድር ናቸው እሊህ?» አሉኝ።

«ሰዎች ናቸው ጋሼ። እኔ ነኝ የማሠራቸው።»

«ከላያቸው ያለውስ?»

«ደስታቸው ነው። ይኸውልዎት፣ ይኼ ሰው ቢጫ ሆኗል። አዝኗል ማለት ነው፣ ደክሞታል። አሁን አሳርፈዋለሁ።» አዘዝኩት። ሰውየው መጥረቢያውን አስቀምጦ እሳት ዳር ሄዶ ተቀመጠ፤ መስመሩ ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ያንን ትንሽ ሰው ሲያዩት ቆዩ።

«ሳይነግርህ?» አሉኝ።

«ሳይነግረኝ። ከራስጌው ተጽፎ አየዋለሁ።»

«መታደል ነው» አሉ።

ከዚያ ስለ ገብሱ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ነገሩኝ፤ ታናሿ እስቴ ውስጥ ወልዳለች። አንድ ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ በረዶው ውስጥ ጣሪያ እየፈረሰብኝ ነበር። ከዚያ ተነሡ፣ ዱላቸውን ያዙ፣ አንድ እግራቸው ደጅ ከሆነ በኋላ ዘወር አሉ።

«እኔ እምልህ» አሉ፣ «ያን የእርከኑን መለኪያ ገመድ የሚይዝ ሰው አንሷችሁ እንደሁ ብዬ ነው። ያ የሚይዘው ልጅ ሲያዛንፈው አይቼ።»

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ምን ነካዎት ጋሼ? እርስዎን የመሰለ ቆፋሪ ገመድ ላስይዝ? ሰው ምን ይለኛል? ሰኞ ጧትም የምጠራው የእርስዎን ስም ነው።»

«እሱስ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው አመልክተው «በል፣ ሰዎችህን ጠብቅ» ብለውኝ ወጡ። እኔም ተመልሼ ጣሪያዬን ጠገንኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ሰኞ ጧት እንደ ቃሌ ስማቸውን ጠራሁ። ቆፈሩ። ማክሰኞም ቆፈሩ። ድንጋይ አንሥተው መንገድ ላይ ሲያስቀምጡት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሩቅ ሲያዩ አየኋቸው፤ የሠሩትን የሚመለከቱ መስሎኝ እኔም ዞሬ እርከኑን አየሁላቸው። ያምር ነበር። ረቡዕ ቀሩ። ስም ስጠራ «አሟቸዋል መሰለኝ» አለ አንድ ጎረቤታቸው። እኔ ማጉያው በእጄ ነበር፣ ሕዝቡ ፊቴ ነበር፣ መሳቅም ማሳቅም ፈለግሁ።

«ጀግናችን ዛሬ ዶማ ፈራ እንዴ?» አልኩ በማጉያው።

ሰው ሳቀ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነው። ቀልዱ ግን ማታውኑ እቤታቸው ደረሰ። ሐሙስ ጧት ከሁሉ ቀድመው ጉብታው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከላይ ሆኜ እጄን አነሣሁላቸው፣ እሳቸውም ዶማቸውን አነሡልኝ። እስከ ቀትር ቆፈሩ። ማንም አልበለጣቸውም። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ተኙ፣ አልተነሡም።

በቃሬዛ እስከ ጥርጊያው መንገድ አወጣናቸው፣ በመኪና ደብረ ታቦር አደረስናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በእኔ ዕድሜ። ልባቸው ከደከመ ቆይቷል አለኝ፤ እግራቸው እንዴት እንዳበጠ ጠቋቁሞ አሳየኝ። ያን እግር በየቀኑ ሳየው ከርሜያለሁ፤ ጭቃ ነበረበት፣ ልብ አላልኩትም። «ከባድ ሥራ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ነው ማለት አቃተኝና አላውቅም አልኩት። ይህን ውሸት እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። በስድስተኛው ቀን ሞቱ፣ ሆሳዕና ሳይደርስ።

ቀብራቸው ላይ አገሩ ሁሉ ወጣ። ዘመቻው አንድ ቀን ተዘጋላቸው። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሬሳው ሳይነሣ አንዲት አልቃሽ ተነሣች፤ ከታች ቀበሌ የመጣች፣ ስለ እኔ ምንም የማታውቅ ሴት ናት። ሰው የነገራትን ይዛ ነው የምታለቅስ።

ጧት ስሙ ሲጠራ በሰው ፊት በክብር፣
ማን አውቆ ነበረ መቃብር ሲቆፍር።

ሰው ደረቱን እየደቃ ተቀበላት። እኔም አብሬ ደቃሁ። ዞሮ ያየኝ አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ አንገቴን አቅፋ «አንተ ነህ ስሙን ያስጠራህለት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለችኝ። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ቢወቅሱኝ እከራከር ነበር፤ ገመድ ልያዝ እንጂ አሞኛል አላሉኝም እል ነበር፣ ከተከራከርሁ ደግሞ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን ጣልኩት ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። አልጣልኩትም። ከሰልስቱ በኋላ ቢሮ ተመልሼ ከፈትኩት፤ ሠላሳውም አባወራ እንደተውኳቸው ነበሩ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ያ እሳት ዳር ያስቀመጥኩት ሰው አሁንም ተቀምጧል። እንዲሠራ ማዘዝ ነበረብኝ፣ አላዘዝኩትም። ለብዙ ሳምንት ሌሎቹን እያሠራሁ እሱን እዚያው ተውኩት። ሥራ በመፍታቱ ደስታው ጎደለና ቢጫ ሆነ፤ ምን ላድርግለት ብዬ ግራ ገባኝ። በኋላ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለና ሁሉም አብረው ሄዱ። የሪፖርቱ ሜትርም አብሮ ነበረ፤ የእሱ ግን ግልባጭ ነበረኝ።

ሰኔ ላይ ጎረቤቶቻቸው ለእትዬ ደቦ ወጡላት። በሬ ያለው በጥማዱ አርሶላት ነበርና የቀረው የአፈሩን ጓል በዶማ መከስከስ ነው። ከንፋስ መውጫ በሌሊት ተነሥቼ ጧት ደረስኩ፣ ዶማ ተቀበልኩ። ሰዉ ሳቀብኝ። የቢሮ ሰው እጅ ገለባ ነው፣ ከቀትር በፊት ይላጣል አሉኝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እትዬ ቤቱ ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ስለ እሳቸው ማውራት ጀመረች። አሁን ማውራት ይሆንላት ነበር።

«ያን የገበያ ቀን አንተ ዘንድ የመጡት ለሌላ እኮ አይደለም» አለችኝ። «ገመድ ያዙልኝ እንድትላቸው ነው። ከጥምቀት ወዲህ ተጋድመው መተንፈስ አቅቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚያድሩ። ሂዱና ንገሩት፣ ልጃችን አይደለም ወይ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም እትዬ?»

«እንዴት ብለው? ጧት ጧት ጀግና እያልህ የምትጠራቸው አንተ፤ አንተኑ ደክሞኛል ይበሉህ?» መቀነቷን ፈታ አድርጋ ደግማ ታጠቀችው። «ሲመለሱ ሳቅ እያሉ ነው የገቡ። ‹ልጃችን የያዘው ሥራ ጉድ ነው፤ ሰው ሲያዝን፣ ሰው ሲደክመው ከራስጌው ተጽፎ ነው እሚያይ› አሉኝ። ‹ታዲያ የእርስዎን አየው?› ብላቸው፣ ‹ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቶ ዝም ካለ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። በይ ዶማዬን እጀታ አበጅለት ዘንድ አቀብይኝ› አሉኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነው። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የባሏን ጨዋታ እያስታወሰች ነበር። አምነውት ይሆን፣ ወይስ እሷ እንዳትጨነቅ ያሉት ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። 

ተነሥቼ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ጓሉን እመታዋለሁ፣ ቀና አልልም። ግራ ቀኜ ያሉት ሰዎች ሲያርፉ አላርፍም፣ ሲያወጉ አልሰማም። መዳፌ ተልጦ እጀታው በደም ሲያዳልጠኝ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቀጠልኩ። አንዱ «ተወው፣ ሜትር ሊሞላ ነው» ብሎ ቀለደብኝ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እንባዬ ይወርድ ነበር፣ ላብ ነው ብዬ ነበር፤ ፊቴን ያየ ሰው ግን አልነበረም፣ አቀርቅሬ ነበርና።

ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እትዬ ናት። የቆመችው ከጀርባዬ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ ቆማ እንዳየችኝ እንጃ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ና እስቲ ገንቦ ያዝልኝ። ሴቶቹ አልደረሱልኝም።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሴቶቹ አራት ነበሩ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወጉ ነበር። ዶማውን አስቀመጥኩ፣ ገንቦውን ከእጇ ተቀበልኩና ከሰልፉ ዳር ካሉት ሽማግሌ ጀምሬ መቅዳት ያዝኩ።